የፋዱማ ልጅ

ተማም ለእናቱ የነገራቸው ሐኪሙ ያላለውን ነው። ሚስቱ ፋርቱን የሻይ ብርጭቆ ይዛ ከመጋረጃው ወዲህ እንደቆመች ቃል በቃል ሰማችው። «ዳገቱ ለልብሽ አይሆንም ብሏል አዮ። የደጋው ብርድ ደረትሽን ይዘጋዋል፤ ሳሉም ይብስባታል ነው ያለኝ» አለ። ድምፁ ልጅ የሚያባብል ሰው ድምፅ ነበር። ብርጭቆው የፋርቱንን ጣት እያቃጠለ መግባትም መመለስም አቃታት። አማቷን ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው እሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ የተናገረውን አማቷ ከመጋረጃ ወዲያ ልብሳቸውን ሲለብሱ በራሷ ጆሮ ሰምታለች። «በዚህ ሙቀትና አቧራ ውስጥ ሳንባዋ እረፍት አያገኝም። ደጋ አገር ዘመድ ካላት ውሰዷት፤ ለጥቂት ቀንም ቢሆን ንጹሕ አየር ትሳብ» ነበር ያለው። ያን ዕለት ቤት ገብታ ለተማም የነገረችውም ይህንኑ ነው፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

አዮ ፋዱማ ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ተዘጋጅተው ነበር የጠበቁት። ገላቸውን ታጥበዋል። ለዒድ የተገዛላቸውን ሽቲ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ሻሻቸውን አስረው፣ ጫማቸውን አድርገው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ጥቅል አለች። ልጃቸው ተናግሮ ሲጨርስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። ጎንበስ ማለታቸው ሳሉን ቀሰቀሰባቸው፤ በመሐረባቸው አፍነው እስኪያልፍላቸው ጠበቁ።

«ሐኪም ካለማ ምን ይባላል» አሉ። «የተማረ ሰው ነው። እኔ መሄዴን ብቻ እንጂ ልቤን መቼ አሰብኩት።» ጥቅሉን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። «በሉ ይህን ለሃሊሞ ስጡልኝ። ስኳርና ሳሙና ነው፣ አንድ ሻሽም ጨምሬበታለሁ። ደንገጎ ላይ መንገዱ ዳር ነው የምትቀመጠው፤ ኮክና ድንች ይዛ። እሑድ እሑድ አትቀርም። እህትሽ አልረሳችሽም በሏት። ታማ ነው እንጂ ጠልታ አይደለም በሏት።»

«መኪናው ከቆመ እንሰጣታለን» አለ ተማም፣ እጁን ሳይዘረጋ። ፋርቱን ያኔ መጋረጃውን ገለጠችና ገባች። ሻዩን አስቀምጣ ጥቅሉን ተቀበለች። የአሮጊቷን ዓይን ላለማየት የጥቅሉን ቋጠሮ እየነካካች፣ «አደርስልሻለሁ አዮ» አለች።

ጥፋቱ የተማም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባኮረፈችው፣ ምናልባትም በተናገረችው ነበር። ነገሩን የጀመረችው ግን እሷው ናት። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ምሳ በልተው፣ ከተማው ሁሉ በሙቀቱ ደንዝዞ በየጥላው ተጋድሞ ሳለ፣ ተማም ሽርጡን አገልድሞ ጣራውን እያየ የአሠሪውንና የሚስቱን የማዳምን ግብዣ አነሳ፤ «ሙሴ ያናኪ እሑድ ዓለማያ ሐይቅ አብረን እንዋል ብሎኛል፤ አዮንስ ምን ይሻላል? እንውሰዳት?» አላት። ፋርቱን ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከመጋላ ገበያ ጀርባ፣ ከዚንጎው ጣራ ሥር ስትቀቀል ኖራለች። የዚያ ሳምንት ሙቀት ደግሞ ለጉድ ነበር፤ ቅቤው በጣሳ ውስጥ ውሃ ሆኗል፣ የአንድ ስሙኒ በረዶ ከሱቅ ቤት እስኪደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ሳል የማይሰማበት ቦታ መዋል አማራት። «እሷማ በዚያ ሳሏ እንዴት ብላ!» አለች። «መንገዱን ሙሉ እየሳለች፣ በመሐረብ እየተፋች፣ ማዳም አጠገብ? ምን ይሉናል?» ይህን ተናግራ ስታየው ባሏ ፊት ላይ የእፎይታ ዓይነት ነገር አየች። ሰበብ ሲፈልግ የነበረ ሰው ሰበብ አገኘ።

የእፎይታውን ምክንያት ታውቃለች። ከስምንት ዓመት በፊት ሙሴ ያናኪ ቡና ላኪ ቤት ሊቀጠር ሲገባ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ተማም፣ «አባቴ የሐረር ነጋዴ ነበር፤ ጀጎል ውስጥ የታወቀ ቤት አለን» ብሏል። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ከአፉ አምልጦት ነው። እውነቱ ግን እናቱ እሱን አዝለው በእግራቸው ከደንገጎ ወርደው፣ ሃያ ሁለት ዓመት በየመጋዘኑ መሬት ላይ ተቀምጠው ቡና ሲለቅሙ መኖራቸው ነው። የተማረበትም ገንዘብ፣ ደረታቸውን የበላውም አቧራ ከዚያው ከቡናው የመጣ ነው። ውሸቷ ትንሽ ነበረች፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግን እሷም አብራ አደገች። አሁን ደግሞ ሙሴ ያናኪ የመጋዘኑን ኃላፊነት ለተማም ሊሰጠው እንደሚያስብ ፍንጭ ሰጥቶታል።

የሙሴ ያናኪ ነጭ ፔጆ መኪና ወደ መንደሩ መንገድ ስለማይገባ ባልና ሚስቱ እስከ አስፋልቱ በእግራቸው ወጡ። ጎረቤታቸው ዳሃቦ፣ አሮጊቷን አደራ የተባለችው፣ ከበሯ ላይ ሆና «መልካም ሽርሽር!» ብላ ጮኸችላቸው። አዮ ፋዱማም ባዶ እግራቸውን እስከ ግቢው በር ወጥተው ነበር። ፋርቱን አንዴ ዞር ብላ አየቻቸውና ሁለተኛ አልዞረችም።

ሙሴ ያናኪ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ግሪክ ነው። አማርኛውን እንደ ከተማው ሰው አድርጎ ይናገራል፤ ለቡና ግዢ ገጠር ሲወጣ ደግሞ ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ ይከራከራል። ሚስቱ ማዳም ግን ከመጣች አራት ዓመቷ ስለሆነ ከገበያ አማርኛ ሌላ አታውቅም። ሙሴ መኪናው ውስጥ ሆኖ ባልና ሚስቱን ብቻ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እናትህስ?»

«አመማት ሙሴ» አለ ተማም።

«አሁንማ ደጋው ይሻላት ነበር! አምጣት ብዬህ አልነበረም? ማዳም ለሷ ብላ ትራስ አድርጋለች፣ ጀርባዋን እንዳይቆረቁራት።»

ፋርቱን የኋላውን በር ከፍታ ስትገባ ትራሷን አየቻት። ቀይ ትራስ ናት፣ አዲስ ልብስ የለበሰች፣ ከመስኮቱ በኩል በደንብ ተስተካክላ የተቀመጠች። ሰውየው እናትየውን በስም ጠርቶ መጋበዙን ተማም አልነገራትም ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ጫማውን ያያል። ተማም በአንዱ መስኮት፣ እሷ በመሐል፣ ትራሷ በሌላው መስኮት ሆነው ጉዞ ተጀመረ።

ከተማው ከኋላቸው እያነሰ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ያዘ። ደረቁ የወንዝ አሸዋ፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች፣ የባቡር ጣቢያው ጣራ ሁሉም በአቧራማ ጭጋግ ውስጥ ገባ። አንድ ሁለት ጠመዝማዛ ካለፉ በኋላ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ጠባዩን ለወጠ። መጀመሪያ እሳቱ ወጣለት፤ ቀጥሎ እርጥበት ያዘ፤ ቀጥሎ የቅጠል ሽታ መጣ። ፋርቱን ሳታስበው ሻሿን ከአንገቷ ላላ አደረገች። ላቧ ደረቀ። ክንዷ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ፤ ብርድ! ከስንት ጊዜ በኋላ ቆዳዋ ብርድ ለመለየት ቻለ። አየሩን እስከ ሆዷ ድረስ ሳበችው፣ ሳበችውና የሐኪሙ ቃል ጆሮዋ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ አየሩ በገባላት ቁጥር ከሰው አፍ ነጥቃ የምትጎርሰው ነገር መሰላት። ገላዋ ግን ይሉኝታ አልነበረውም፤ እሷ ስታዝን እሱ ደስ ይለዋል። ማዳም ከፊት ሆና በፈረንሳይኛ ታዜማለች። ትራሷ በየጠመዝማዛው ወደ ፋርቱን እየተንሸራተተች ጎኗን ትነካታለች፤ እሷም በክርኗ ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ትመልሳታለች።

ደንገጎ ሲደርሱ ፔጆው ፈላ። ሙሴ ያናኪ እየተሳደበ ከመንገዱ ዳር አወጣው፤ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና የመንገድ ዳር ልጆች ውሃ ያመጡለት ጀመር። የተንፎለፎለው እንፋሎት የመኪናውን ፊት ሸፈነው። ወዲያው ኮክ የያዙ፣ ድንች የያዙ፣ ጫት የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፣ አሥር ኮክ በአሥር ሳንቲም፣ አይ አሥራ ሁለት ይሁን። አንዲት አሮጊት ግን አልሮጠችም። ከቅርጫቷ ኋላ ቁልቋሉ ሥር ተቀምጣ ወደ መኪናው ታይ ነበር። ቀስ ብላ ተነሳች፣ ሴቶቹን እየገፋች መጣችና በተማም መስኮት ፊት ቆመች። ፋርቱን እንዳየቻት አወቀቻት፤ አይታት አታውቅም፣ ግን አወቀቻት። የአማቷ ግንባር ነው። የአማቷ አፍንጫ ነው። ሳል ያልበላው የአማቷ ፊት ነው።

«አቲ ኢልመ ፋዱማ ሚቲ?» አለች አሮጊቷ፤ የፋዱማ ልጅ አይደለህም ወይ ማለቷ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ሊወጣ የደረሰ ደስታ ነበረ። እጇን በመስኮቱ አስገብታ አገጩን ልትነካው ዘረጋች።

ማዳም ከፊት ወንበር ዞር አለች። «ምን ይላል? ምን ይላል ሴትዮው?»

ተማም ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «ተሳስተሻል እናቴ» አለ፣ በአማርኛ፣ ጥርት አድርጎ። «እኔ የሐረር ልጅ ነኝ።»

የአሮጊቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። ማዳም አሁንም መልስ ትጠብቃለች፤ ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ፋርቱን ኋላ፣ ሌሊትና ቀን፣ ለምን እንዲያ እንዳለች ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃለች። ባሏን ለማዳን ይሁን፣ ራሷን ለማዳን ይሁን፣ ወይስ ዝምታው ስላስጨነቃት ብቻ። «ምንም አላለች ማዳም» አለች። «ኮክ ግዙኝ ነው የምትለው። ደሃ ናት።» ካፏ ሲወጣ የጥቅሉ ነገር ትዝ አላት፤ ጭኗ ላይ ነበረች። አደራዋን ለማድረስ ሌላ መንገድ አልታያትም። ጥቅሉን አንስታ በባሏ ፊት አሳልፋ ሰጠችና፣ «እንኪ እናቴ፣ ሰደቃ ነው» አለች።

«ብራቮ! ጥሩ ልብ አለህ!» አለች ማዳም።

ሃሊሞ ጥቅሉን ተቀበለች። አውራ ጣቷን ቋጠሮው ላይ አሳረፈች። እህቷ ጨርቅ ስትቋጥር ጫፉን ወደ ውስጥ እንደምትሸጉጥ ልጅነታቸውን ሙሉ አይታለች። ዓይኗን አንስታ ተማምን አየች፣ ማዳምን አየች፣ በመጨረሻም ፋርቱንን አየችና ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ወደ ውስጥ ገባ። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ቃል ብቻ ጠየቀች፤ «ጅርቲ?» አለች ወይ? በሕይወት አለች? ፋርቱን ጭንቅላቷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። አሮጊቷ ያን ጊዜ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ፣ ማዳም እንድትሰማላቸው፣ መንገድ ዳር እንደሚለምኑት ሰዎች አድርጋ መረቀች። ረቢ ይስጣችሁ፣ ረቢ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ እያለች። ተመልሳ ሄዳ ከቅርጫቷ ቀይ ቀዩን ኮክ መርጣ በዘንቢል ሞልታ አመጣች። ማዳም አንድ ብር ዘረጋችላት፤ አልቀበልም አለች።

«ደሃ ሆኖ ገንዘብ አይፈልግም?» አለች ማዳም፣ ገርሟት።

የኮፈኑ መዘጋት ድምፅ ሁሉንም አስደነገጣቸው። ሙሴ ያናኪ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም፤ ሞተሩን አስነሳ።

ዓለማያ ሐይቅ ዳር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የሚታጠፉ ወንበሮች ተዘረጉ። ውሃው ሰማዩን ይዞ ጸጥ ብሏል፤ ወዲያ ማዶ ነጫጭ ወፎች ያርፋሉ፣ ይነሳሉ። ፋርቱን ከቤት ያመጣችውን ሳምቡሳ አወጣች፣ ማዳም ዳቦና አይብ አቀረበች። ሙሴ ያናኪ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን ለማየት ወደ ዳርቻው ወረደ። ፋርቱን ይህን ቀን ከዓርብ ጀምሮ ስታልመው ነበር። ሣሩ ላይ እግሯን ዘርግታ እንደምትቀመጥ፣ ነፋሱ ሲያንቀጠቅጣት ነጠላ እንደምትደርብ፣ ተማም እንደ ድሮው እንደሚቀልድ። ሁሉም እንዳለመችው ሆነ፤ ሣሩም አለ፣ ነፋሱም አለ። ተማም ብቻ ሁለት ሳምቡሳ አንስቶ ሁለቱንም ሳይበላ እጁ ላይ አቀዘቀዘ። ከእርሷ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይገጣጠም ፀሐዩን እንደሚሸሽ ሰው ፊቱን ወደ ሐይቁ መልሶ ተቀመጠ። ማዳም ኮኩን እያጠበች አደለቻቸው። «እንዲህ ኮክ እኔ በልቶ አያውቅም!» አለች፤ አገጯ ላይ የወረደውን ጭማቂ በእጇ ጀርባ እየጠረገች ሳቀች። ክፋት የላትም ሴትዮዋ፤ ፋርቱንን የከበዳትም እሱ ነው። አንዷን ኮክ አንዴ ነከሰች። የቀረውን ማዳም ሳታይ ከሣሩ ውስጥ አኖረችው።

«ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለ ተማም ድንገት፣ ማዳም ራቅ ስትል፣ ፊቱን ሳያዞር።

ፋርቱን መልስ ነበራት። ግን መልሱ እሷንም ይመታ ስለነበር የምንጣፉን ፍርፋሪ ማራገፍ ያዘች።

ሲመለሱ ሙቀቱ ከመሐል ዳገቱ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ የዳቦ መጋገሪያ በር የተከፈተ ይመስል ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ መጋላ አፍ ላይ ደረሱ። ማዳም ከተረፈው ኮክ ውሰዱ ብትላቸው ፋርቱን እምቢ አለች። ተማም ወርዶ ሊሰናበት ወደ ፊት መስኮት ሲጠጋ፣ ሙሴ ያናኪ መሪውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው።

«እናትህን ሰላም በልልኝ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «እህቷንም» አለ።

ፈገግታው የደግ ሰው ይሁን፣ የሰው ጉድ እጁ የገባ ሰው ይሁን ፋርቱን መለየት አልቻለችም። ከኮፈኑ ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ስለ መጋዘኑ ኃላፊነትም፣ ስለ ነገ ሥራም አላነሳም። ፔጆው አቧራውን አስነስቶ ወደ ከዚራ ሄደ። ተማም ሰዎች እየገፉት እያለፉ መንገዱ መሐል ቆሞ ቀረ። ሲናገር ድምፁ ተለውጦ ነበር። «አልነበረችም እንላታለን» አለ። «ዛሬ አልመጣችም እንላታለን፤ ይበቃል።» ፋርቱን አልመለሰችለትም። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው።

አዮ ፋዱማ ግቢው ውስጥ፣ ጥላው በደረሰበት፣ የጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዳሃቦ ከጎናቸው ሆና በካርቶን ታራግብላቸዋለች። የግቢውን በር ድምፅ ሲሰሙ ሊነሱ ሞከሩ። «ደረሳችሁ? አገኛችኋት?»

«አልነበረችም አዮ» አለ ተማም። «ዛሬ አልመጣችም አሉን።»

«እሑድ? ሃሊሞ እሑድ ቀረች?» የልጃቸውን እጅ አዩ፣ የምራታቸውን እጅ አዩ። «ጥቅሉስ ታዲያ?»

«ለጎረቤቷ ሰጠናት፤ ታደርስልሻለች።»

«ጎረቤቷ ምን አለች? ታማለች አለች? የት ሄዳለች አለች?»

«ምንም አላለችም አዮ። አልጠየቅናትም። አሁን ግቢና ትንሽ እረፊ፣ ኋላ እናወራለን።»

መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። ቀጥ ብሎ አይነገርም፤ ኋላ እናወራለን ይባላል፣ እረፊ ይባላል፣ የሚያውቁት ሰዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። አዮ ፋዱማ በዕድሜያቸው ብዙ መርዶ ተቀብለዋል። የልጃቸውን የጠቆረ ፊት አዩ፣ ፋርቱን በሩን ተደግፋ ከንፈሯን መንከሷን አዩ፤ ሌላ ምልክት አላስፈለጋቸውም። «ሞታለች» አሉ በቀስታ፣ ማንንም ሳይጠይቁ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አኖሩ። «ወይኔ ሃሊሞ! ወይኔ ታናሼ! ሳላይሽ! ሐኪም ነው የከለከለኝ ሃሊሞ፣ መምጣቴ ነበር ዛሬ!» ለቅሶው ሳሉን አስነሳው፣ ሳሉ ለቅሶውን ቆረጠው። ዳሃቦ ካርቶኗን ጥላ ደረቷን ደቃች፤ ከግንቡ ወዲያ «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አልሞተችም!» አለ ተማም። «አዮ ስሚኝ፣ አልሞተችም!» ማን ይሰማዋል። መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ እንዲያው ነው የሚለው። እናቱ እጁን ከትከሻቸው አስለቀቁና ወደ ቂብላ ዞረው «ኢና ሊላሂ» ማለት ጀመሩ።

ፋርቱን ከበሩ ተነስታ መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ሁለት እጃቸውን ያዘች። «አለች አዮ» አለች። «በዓይኔ አይቻታለሁ። ቁልቋል ሥር ተቀምጣ ነበር። ልጅሽን ከሩቅ አውቃ መጣችና የፋዱማ ልጅ አይደለህም ወይ አለችው። አይደለሁም አላት። ማዳም ምን አለች ብትለኝ ደሃ ናት አልኳት። ጥቅልሽን ሰደቃ ነው ብዬ ሰጠኋት። እሷም ገባትና እንደ ለማኝ ሆና መረቀችን፣ እንዳናፍር ብላ። ስላንቺ ግን በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። አለች ወይ አለችኝ።» መናገር ከጀመረች መቆም አቃታት። «ሐኪሙም አትሂድ አላለም። ደጋ ውሰዷት ነው ያለው። ሳልሽ ያስቸግረናል ብዬ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። ሙሴ ጠርቶሽ ነበር። ቦታሽ ባዶ ሆኖ ነው የሄድነው።»

ዳሃቦ የወደቀውን ካርቶን አንስታ፣ ሳትሰናበት፣ በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች። ከግንቡ ወዲያ ላሉት «ማንም አልሞተም» ስትላቸው ይሰማ ነበር። ተማም እንደቆመ ነው። ፋርቱን እርግማኑን ትጠብቃለች፤ ቢረግሟት ይቀላት ነበር።

«አለች?» አሉ አዮ ፋዱማ።

«አለች።»

«ቆማ ትሄዳለች? ከስታለች?»

«አልከሳችም። ከአንቺ ትሻላለች። ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።»

«ጥርስ አላት?»

«አላት መሰለኝ፤ ልትስቅ ስትል አይቻለሁ።»

አሮጊቷ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ፊታቸው ቀስ በቀስ እየጠራ መጣ። ስለ ሳሉ የተባለውም ጆሯቸው ገብቶ ኖሮ የፋርቱንን ራስ ዳበስ አደረጉ። «ሳሌማ እኔንም አስቸግሮኛል ልጄ» አሉ። የመግሪቡ አዛን ከገበያው መስጊድ ተነሳ፣ ከሌላው መስጊድ ቀጠለ። አዛኑ ሲያልቅ፣ «ነገ እሄዳለሁ» አሉ። «ሐኪሙ ካልከለከለ እሄዳለሁ። አልጋዬን ይዤ እሷው ጋ እሰነብታለሁ። ለእናንተም ቤቱ ይሰፋላችኋል።»

ተማም ከቆመበት መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቱን ቀና ብሎ አየ። «በአውቶቡስ አትሄጂም» አለ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። «ሙሴን መኪናውን እለምነዋለሁ። ሹፌሩ እስከ በሯ ያደርስሻል። እኔም አብሬሽ እወጣለሁ።»

አዮ ፋዱማ አሰቡበት። በቁጣ አልነበረም፣ በአሽሙርም አልነበረም፤ ፋርቱን ፊታቸውን በቅርብ ታየው ነበርና ይህን አሳምራ ታውቃለች። አንድ ነገር እንዳያበላሹ የሚጠነቀቁ ሰው ሆነው፣ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ሹፌሩ ከጠየቀኝ ግን፣ ማን ነኝ ልበለው?»

ተማም አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

«እናቱ ነኝ በዪ!» አለች ፋርቱን። «ለማንም ይሁን፣ እናቱ ነኝ በዪ አዮ!»

አሮጊቷ እሷን አልተመለከቷትም። ዓይናቸውን ልጃቸው ላይ አድርገው እሱ እስኪነግራቸው ይጠብቁ ነበር።